ጉማራ ውስጥ ያነሳኋቸው ዓሦች

ዛሬ ካሜራዬን ጉማራ ወንዝ ውስጥ ገና ከማስገባቴ፣ ሆዱን ወደ ላይ ያዞረ ዓሣ ከፊቴ ተንሳፈፈ።

ካሜራውን ለመምረጥ ስንት ተጨነቅሁ! አንዱ ካሜራ ጥልቅ ውኃ ይችላል፣ ሌላው የሚፈተለክ ዓሣ ሳያደበዝዝ ያነሳል። ጉማራ እንደሁ ከወገቤ አያልፍም፤ ፈጣኑን መረጥሁ።

ውኃ የማያስገባውን የካሜራ መያዣ ቤቴ ሳለሁ፣ ካሜራው ሳይገባበት፣ ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ውስጡ ያስቀመጥሁት ሶፍት ደረቁን ሲወጣ እልል ብያለሁ። (ጎረቤቶቼ ልጅ የተወለደ መስሏቸው መጡ።)

ወንዙ ዳር ሩዝ የሚያርሱት አያ ደሴ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። «ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ሲወጣ አጥማጆች ጠብቀው፣ ከላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በተኑበት፣ እህቴ። መርዝ እኮ ነው።»

ፎቶዎቹ ሁሉ ጥርት ብለው ወጥተዋል። አንድም የሚንቀሳቀስ ዓሣ አልነበረም።

እናንተስ ስትጓጉለት ኖራችሁ፣ ስትደርሱ ያለቀባችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን አልቻልሁም።