በአውቶቡስ የሄደ መርዶ

ጓንጉል አሜሪካን አይቷል ከተባለ ያየው በመስኮት ነው። ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ የሚቆም ሰው ሁሉ "እስቲ አሜሪካን አጫውተን" ሲለው ስለ ሕንፃው፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኑሮው እንዲያወራለት ነው የሚፈልገው። እሱ ግን "ሰፊ ነው" ይላል። "ሦስት ቀን በአውቶቡስ ሄጄበታለሁ፤ አያልቅም።" ከዚያ ወደ ማሽኑ ይዞራል። ሰዉም እንዲህ ያለ አገር ጥሎ የመጣ ሰው ጤና የለውም ብሎ ይተወዋል። ጤናውስ ደህና ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ያንንም ያጎደሉበት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው፣ ያውም ለእሱ አዝነው።

ሰውየው የሒሳብ መምህር ነበር። ዲቪ ሲደርሰው ለሦስት ሰው ትኬት አልተቻለምና ሚስቱን ትርፌንና አንዲት ልጁን ፍቅርአዲስን ሰቆጣ ትቶ፣ የእነሱን ጉዳይ ከዚያ ሆኖ ሊጨርስ ብቻውን ሄደ። ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ፣ ጉዳዩም እንደተንጠለጠለ ቀረ። ዋሽንግተን አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እየቆረጠ አራት ዓመት ኖረ። ታናሽ ወንድሙ ይሄይስ ከእሱ ቀድሞ ወጥቶ በወዲያኛው ዳር፣ ሲያትል ከሚባለው ከተማ ነበር። ይሄይስ ሲወለድ እናታቸው ስለሞተች ያሳደገችው አክስታቸው ውዴ ናት። "እማ" ብሎ የጠራው ሰው ቢኖር እሷን ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት አጎታቸው ካሤ ከሰቆጣ ደወለ። ካሤ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ነው፤ ዕርቅም ሠርግም መርዶም ያለ እሱ አይሆንም።

"ውዴን አፈር አለበስናት" አለ። "ወደ አምደወርቅ ለሠርግ ስትሄድ መኪናው ገደል ገባ።"

ጓንጉል አለቀሰ። ካሤ እስኪጨርስ ጠበቀውና ቀጠለ።

"አሁን ስማኝ። ይሄይስ አልሰማም። ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በስልክ አይስማው። አንተ ሂድ። ሽማግሌ ይዘህ፣ ሲነጋጋ፣ አስቀምጠህ ንገረው። በአውቶቡስም ቢሆን ድረስ።"

ካሤ አሜሪካን ያሰበው ከሰቆጣ ባሕር ዳር ባለው ልክ ነው። ጓንጉል ግን አልተከራከረውም። በእኛ ዘንድ ለሰው የወላጁን ሞት በስልክ መንገር ነውር ነው፤ ወንድም እያለው ደግሞ ከነውርም ነውር ነው። ፓስፖርቱም መታወቂያ ካርዱም ጊዜያቸው አልፎ ገና አልታደሱለትም፤ አውሮፕላን ያለዚያ አያሳፍርም። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ፣ አንድ ቦርሳ ያዘ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ሳይደርስ አንድ አፈ ቀላል ሰው ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ እንዳይለጥፍና ወንድሙ እንዳይሰማ።

በመጀመሪያው ቀን ለይሄይስ ደወለለት። "ናፍቀኸኝ ነው፣ ልጠይቅህ እየመጣሁ ነው" አለው።

"በአውቶቡስ?"

"በአውቶቡስ።"

"እሺ ወንድምዬ። ብርድ ነው፣ ወፍራም ልበስ።"

አገር ለማቋረጥ ሦስት ቀን አውቶቡስ ላይ የሚቀመጥ ሰውን ማንም ቢሆን "ምን ነካህ?" ይላል። ይሄይስ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን አላለውም። ጓንጉል ግን ያኔ ይህን አላስተዋለም። ሰው ለሌላው ሲያዝን ዓይኑ ይጋረዳል መሰለኝ።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። አውቶቡሱ የሚቆምበት ሁሉ ሥጋና ቺዝ እንጂ ሌላ የለም፤ እሱ ለውዝና ሙዝ እየበላ ቺካጎ ደረሰ። እዚያ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ሌላ አውቶቡስ ጠበቀ። አጠገቡ የተቀመጠች አሮጊት የት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ወንድሜ ጋ ሲላት፣ ለበዓሉ መስሏት፣ ቤተሰብ ሲሰባሰብ ደስ እንደሚል ነገረችው። አዎ አላት። ምን ይበላት።

ለትርፌ ሦስት ጊዜ ደወለ። በሦስተኛው ስልኩን ያነሳችው ጎረቤታቸው ሠርካለም ነበረች።

"ትርፌ ለቅሶ ቤት ናት፣ ጋሼ። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል።"

"አይ ትርፌ። ፍቅርአዲስስ አለች? እስቲ አቅርቢልኝ።"

 ሠርካለም "ትርፌ ስትመጣ ይደውሉላት፣ ጋሼ" አለችና መስመሩ ጠፋ። የሰቆጣን ኔትወርክ ያልሰደበ ሰው የለምና እሱም ሰደበውና ተወው። ለቅሶ ቤት መሆኗም እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች ሦስቱን ቀን ሙሉ አንድም ውሸት አልዋሹትም። እሱን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይሄ ነው፤ ቢዋሹት ኖሮ ውሸታሞች ብሎ ይሳደብ ነበር።

ከሚኒያፖሊስ ለካሤ ደወለ። መርዶ ተናግሮ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመር መጠየቅ ፈለገ።

"ሲገባ አስቀምጠው" አለ ካሤ። "ውሃ ይጠጣ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፣ ስሟን አስቀድም። ከዚያ ልቡን የሚያሳርፍ አንድ ቃል ስጠው።"

"አያ ካሤ፣ ብቻዋን ነበረች?"

 "ብቻዋን አልነበረችም" አለ።

ማን ነበር አብሯት? ጓንጉል አልጠየቀም። መቶ ጊዜ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ብቻዋን አለመሆኗን ሲሰማ ደስ አለው፤ ለይሄይስ የሚሰጠው ነገር አገኘና ያንን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሜዳ ነው። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ በረዶ ብቻ። ጎኑ ያለው የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኛ ትከሻው ላይ አንቀላፍቶ ያንኮራፋል። ጓንጉል የትኬቱን ጀርባ ገልብጦ፣ እርሳስ አውጥቶ ለወንድሙ የሚለውን መጻፍ ጀመረ። ያሰበው በኽምጣንጋ፣ በዋግ ቋንቋ ነው፤ ውዴ ለይሄይስ ያወራችለት በእሱ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ነገርም አማርኛ ይርቅበታል። ጻፈ፣ ሰረዘ። የእግዜር ሥራ ነው የሚለውን ሰረዘ፤ ይሄይስ ይቆጣል። ዕድሜዋን ጨርሳለች የሚለውንም ሰረዘ። ሞንታና የሚሉት አገር ሲገቡ አንድ ነገር መጣለት።

"ስቃይ አላየችም፤ በሰው እቅፍ ውስጥ ሆና ነው ያረፈችው።"

ይህን ማንም አልነገረውም። ካሤ ያለው ብቻዋን አልነበረችም ነው፤ እቅፉን የጨመረው ጓንጉል ነው። ገደል ከገባ መኪና ውስጥ ማን ማንን ያቅፋል? ግን ወንድሙ ቀሪ ዕድሜውን ሙሉ የእናቱን ሞት በሐሳቡ ሲያይ መኪናውን ሳይሆን እቅፉን እንዲያይ ፈለገ። ለወንድም ቢዋሽ ምን አለበት አለ።

በሚቀጥለው ማቆሚያ ደውሎ ለካሤ አነበበለት። 

"ድገምልኝ" አለ ሽማግሌው።

ደገመለት።

"አንድ ጊዜ ደግሞ።"

ሦስተኛ ደገመለት።

"ጥሩ ነው" አለ ካሤ። "ልብ ያሳርፋል። እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ።"

ጓንጉል ኩራት ተሰማው። ሽማግሌ ያመሰገነው መርዶ ነጋሪ ሆኖ ቀሪውን መንገድ ተኛ።

ሲያትል ላይ የሚቀበለው የዋግ ዝቋላ ተወላጅ አቶ ገብረ ሊባኖስ ነበር፤ በከተማው ያሉ የዋግ ሰዎች እንደ አባት የሚያዩት ሰው ነው። ጓንጉል ገና ሲነሳ ደውሎ "ሽማግሌዎች ይሰብስቡልኝ" ብሎት፣ አቶ ገብረ ሊባኖስም "ተሰብስቧል ልጄ፣ አንተ ብቻ በሰላም ግባ" ብሎት ነበር። ተሰብስቧል፤ እሱ ገና ሳይጠይቅ። ይህንንም አላስተዋለም።

ጎህ ሲቀድ ይሄይስ ቤት ደረሱ። በሩ ክፍት ነበር፣ መብራቱ በርቷል። ውስጥ አምስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ይሄይስ መሐላቸው ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ጓንጉል ተናደደ። አንዱ ቀደመኝ፣ ነገሩት ብሎ አሰበ። ወንበር ፈልጎ ወንድሙን ሊያስቀምጥ ዞር ሲል ይሄይስ ትከሻውን ይዞ እሱን አስቀመጠው።

ከዚያ ውሃ ሰጠው።

ጓንጉል ብርጭቆውን እንደያዘ አየው። ሰዎቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተዋል። የሚያዩት ይሄይስን አልነበረም።

"ፍቅርአዲስ" አለ ይሄይስ በኽምጣንጋ። ስሟን አስቀደመ። "ፍቅርአዲስ አርፋለች ወንድምዬ። ስቃይ አላየችም፤ በሰው እቅፍ ውስጥ ሆና ነው ያረፈችው።"

አክስትና ልጅ በአንድ መኪና ነበሩ። ካሤ መርዶውን ለሁለት ከፍሎ የአንዱን ሐዘን ለሌላው ሰጥቶ፣ ሁለቱም ሐዘናቸውን በወንድማቸው እቅፍ እንዲሰሙ አድርጎ ነበር። ሙሉውን የሚያውቀው አቶ ገብረ ሊባኖስ ብቻ ነው። ጓንጉል መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ የውዴን መርዶ ለይሄይስ የነገረውም እሱ ሆነ፤ ያችኑ ቃል ጨምሮ። ይሄይስ ደረቱን እየመታ አለቀሰ፣ አለቀሰና ደግሞ "በሰው እቅፍ" እያለ ጥቂት ተረጋጋ። ጓንጉል አየው። ቃሉ ሠርቷል። ለራሱ ግን አልሠራም፤ ከየት እንደመጣ ያውቃላ።

ወረቀቱ ታድሶለት አገሩ የገባው በወሩ ነው፣ ለአርባዋ። በማግስቱ ካሤን ሊጣላው ቤቱ ሄደ። ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ በዚያ ወር ጊዜ አርጅቷል።

"በስልክ ብትነግሩኝ ምን ነበር?" አለ ጓንጉል። "የራሴን ልጅ መርዶ እያሳመርኩ ሦስት ቀን ተጓዝኩ።"

"ብቻህን ከዚያ ክፍል ውስጥ ብትሰማው ምን ትሆን ነበር?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔም አላውቅም። ፈራሁ።"

"አብረው ሲወድቁ ያየ ሰው አለ?"

"የለም" አለ ካሤ። ከመኪናው የተረፈ ሰው አልነበረም። ጓንጉል ይህን ብቻ ሰምቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አይነፍገውም፣ ቤቱም አይገባም።

ትርፌ ሰው ለለቅሶ ሲመጣባት አሁንም ትነግራለች። በውዴ እቅፍ ነው ያረፈችው ትላለች፤ የውዴም ነጠላ እንዴት እንደሸፈናት፣ ፊቷ እንዴት ሰላም እንደነበረ ጨምራበታለች። ሰዎቹም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ ወደ እሱ ዞረች።

"ይሄን ማን እንደነገረኝ አላስታውስም" አለች። "ብቻ እሱ ባይኖር እብድ ነበርኩ። እውነት ነው አይደል ጓንጉል? አንተም ሰምተሃል አይደል?"

የትኬቱ ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ነበር። የተሰረዘውም ያልተሰረዘውም በእጁ ጽሕፈት አለበት።

"ሰምቻለሁ" አላት። "እውነት ነው።"