«ሄልፕ» ላይ ደርሼ ነበር

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ከመዝገበ ቃላት ያወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ መምህራኑ እንኳ ይጠይቁኛል። ዛሬ በሩ ላይ «ሄልፕ» ተብሎ የተጻፈበት ነጭ መኪና ሲያልፍ ግን መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ምጥ ጠንቶባት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸከሟት። አቀበቱ ሥር ሳለን ከላይ የፈረንጅ መኪና ድምፅ ተሰማ።

«ቋንቋህ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው? ሩጥ» አሉኝ አያቴ።

ሮጬ ደርሼ «ሄልፕ» አልኩ። ፈረንጁ በመስኮት ብስኩት ሰጥቶኝ ሄደ።

«እናቴ ምጥ ላይ ናት አላልከውም?» አሉኝ አያቴ ስመለስ።

«መዝገበ ቃላቱን በፊደል ተራ ነው የማጠናው፣ አባባ። እናት የሚለው ላይ ገና አልደረስኩም።»

«ምጥ መቼ ተራ ይጠብቃል፣ ልጄ?»

ያን ቀን መኪና አስቆምኩ፤ ቃሉን ሳልሳሳት ተናገርኩ፤ ብስኩቱን ለተሸካሚዎቹ አካፈልኩ፤ የእናቴን እግር ይዤ አቀበቱን ወጣሁ፤ እግሯ ሲቀዘቅዝም ከሁሉም ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ።