አሥራ አንድ ዓመትና አራት ሰዓት

ጎረቤቴ ኔስታ የስድስት ዓመት ልጇን ካሪስን የቀበረችው የፋብሪካ ግቢ ተንሸራታች የብረት በር ወድቆባት ነው። በሩን ማንም መርምሮት አያውቅም፤ መርምሩ የሚል ሕግም አልነበረም። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራው ኔስታ ያን ሕግ ሳላወጣ አልሞትም አለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ለንደን ተቀምጠው ሕግ የሚያወጡትን ዕድሜዬን ሙሉ አላመንኳቸውም። ቢሆንም ብቻዋን አትሂድ ብዬ ተከተልኳት።

እህቷ ግሌኒስ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ነው ያገባችው። እሷም እዚያ እንዲህ ያለ ሕግ ይውጣ ብላ የአካባቢዋን የኮንግረስ ተወካይ ያዘች። ሰውየው ወዲያው ፎቶ ተነሥቶ ረቂቁን «የካሪስ ሕግ» ብሎ ሰየመው። ግሌኒስ ስልክ ደውላ አለቀሰች።

«የልጃችን ስም በትልቁ ተጽፏል፣ እህት ዓለም! ያንቺዎቹስ?»

«የኛዎቹ ስም አያወጡም። ተራ ጠብቂ ነው ያሉኝ።»

ተራው ደረሰ። መንግሥት ሳይሆን አንድ ተወካይ በግሉ ያመጣው ረቂቅ በኛ ፓርላማ የሚታየው ዓርብ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ያልተደረሰባቸው ረቂቆች ርእስ ይነበባል፤ አንድ ተወካይ «እቃወማለሁ» ካለ በቃ፣ ረቂቁ ወደቀ፤ ምክንያት የሚጠይቀው የለም። የኔስታ ሲነበብ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ተወካይ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «እቃወማለሁ!» አለ።

ኮሪደር ላይ ጠበቀችው። «ምን በድዬዎት ነው?»

«ምንም፣ እመቤቴ። ክርክር ያልተደረገበትን ሁሉ እቃወማለሁ። በእርስዎ አይደለም።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ እንዲሁ አደረጋት። የግሌኒስስ? የኮሚቴው ሊቀ መንበር ረቂቁን ለውይይት አልጠራውም። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ኮንግረስ ሲገባ አሮጌው ረቂቅ ይሞትና በዚያው ስም እንደገና ይቀርባል።

«የኛ እኮ አልተከለከለም!» ትላለች ግሌኒስ።

«አልተነበበምም።»

አንድ ቀን የስልክ ጭቅጭቃቸው ሰለቸኝና «ያንቺ ፓርላማ በአንድ ቃል ይገድላል፣ የሷ ኮንግረስ አልጋ ላይ አስተኝቶ ይገድላል። ምኑን ታወዳድራላችሁ?» አልኩ።

«አንተ ልጅ አልቀበርክም» አለችኝ ኔስታ። ዛሬም ድረስ አፍርበታለሁ።

ከዚያ የአንድ ሚኒስትር የልጅ ልጅ እግር በእንዲህ ያለ በር ተሰበረ። እግር ብቻ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በሳምንቱ መንግሥት ራሱ ረቂቁን አመጣ። የተወካዮቹ ምክር ቤት ሰባት ሰዓት ላይ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረሰ። ያ ሽማግሌ ተነሥቶ «ጽኑዋን እናት» አመሰገነ። ኔስታ ከላይ ከተመልካቾች መቀመጫ ላይ፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ ሰዓቱን ብቻ ታያለች። እዚያ ለተመልካች ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት አስላ እንኳ አታውቅም።

አፈ ጉባኤው ድምፅ ጠየቀ። ሁሉም እሺ አሉ። ያኔ ተነሣች።

«እቃወማለሁ!»

 ሁለት የአዳራሹ ጠባቂዎች ክንዷን ይዘው አወጧት፤ እኔ ካፖርቷን ይዤ ተከተልኩ። ደጅ ስንደርስ አንደኛው ግራ ተጋብቶ «እሜቴ፣ ሕግዎ እኮ አለፈልዎት!» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «በአራት ሰዓት ውስጥ።»