መጋረጃው የጠራበት ፎቶ

መርዳሳ አዳማ ውስጥ ሰርግ ማንሳት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ስቱዲዮው ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ጁስ ቤትና በአንድ የስልክ ጥገና መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። በሥራ ቀን የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ያነሳል። ቅዳሜና እሑድ ካሜራውን ጭኖ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ሰርግ ወዳለበት ይወርዳል። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ሙሽሮችን እንዲህ ቁሙ፣ እንዲያ ዙሩ እያለ ስለማያዋክብ ሰው ይወደዋል።

ለብዙ ዓመት የሠራው ከካሜራው ጋር አብራ በመጣችው ትንሽ ሌንስ ነበር። ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ምንም አይወጣላትም። ችግሯ ቤት ውስጥ ነው። ብርሃን የማስገባት አቅሟ ትንሽ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ የተነሳ ፎቶ ወይ ይጨልማል፣ ወይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ፍላሽ ሲጠቀም ደግሞ የሙሽራዋ ፊት ዱቄት የተነፋበት ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ትልቅ ሌንስ ለመግዛት ቆረጠ።

የካሜራው ፋብሪካ ራሱ የሚሠራው ሌንስ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጠው አማኑ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን አመጣለት። ጥቁር፣ ከባድ፣ ፊቱ እንደ ቡና ሲኒ አፍ የሰፋ።

"ኦርጅናል አይደለም ማለት ነው?" አለ መርዳሳ እያገላበጠ።

"ኦርጅናል ነው፤ የሌላ ፋብሪካ ኦርጅናል ነው" አለው አማኑ። "እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ሌንስ ነው። መስታወቱ ላይ እንዳትጠራጠር። አንድ ነገር ግን ስማኝ። ካሜራህን የሠራው ሌላ፣ ሌንሱን የሠራው ሌላ ስለሆነ አንዳንዴ ፎከሱ ላይ በትንሹ አይግባቡም። ዓይን ላይ አድርግ ስትለው ጆሮ ላይ ያደርጋል፣ ወይም ከሰውየው ኋላ ያርፋል። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርጋ፣ መሃል መስመሩን አንሳ፣ የትኛው መስመር እንደጠራ እይ። ካልገጠመ ካሜራህ ውስጥ ማስተካከያ አለ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሳትፈትሸው ሰርግ ይዘህ እንዳትወጣ።"

"እሺ" አለ መርዳሳ።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ አርሲ ነገሌ የኑሰይባ ሰርግ ነበር። ዓርብ ዕለት ጋዜጣውን ዘረጋ፣ አንድ ጊዜ አነሳ፣ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አየው። ከመሃሉ መስመር ይልቅ ከበላዩ ያሉት ሁለት መስመሮች የጠሩ መሰለው። በዚያው ሰዓት አሥር የፓስፖርት ፎቶ የሚፈልግ ቤተሰብ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። እስከ ማታ ተመልሶ አልዘረጋውም።

የኑሰይባ አባት ሐጂ ዓብዱ በአርሲ ነገሌ የእህል ገበያ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ግን እጅ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ከያዛቸው ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ኪኒናቸውን በሰዓቱ ሲወስዱ ረጋ ይላሉ፤ ካለፋቸው ብርጭቆ መያዝ እንኳ ያቅታቸዋል። ኑሰይባ ባቱ ከተማ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ስለሆነች የኪኒኑን ሰዓት ለእናቷ በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋላቸው ነበር። እናቷ አዴ ዙህራ ማንበብ ባይችሉም፣ ኑሰይባ ደጋግማ ስላነበበችላቸው የወረቀቱን መስመሮች በቃላቸው ይዘዋቸዋል።

የሰርጉ ዕለት መርዳሳ ከሚኒባሱ ሲወርድ አንዱ የሙሽራው ጓደኛ ካሜራውን አይቶ፣ "ኧረ ይሄ የቴሌቪዥን ነው እንዴ?" አለ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። አንዱ ሌንሱን ሊነካ እጁን ዘረጋ። መርዳሳ ፈገግ አለ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ስለ ካሜራው እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል፣ ሐጂ ዓብዱ ሊመርቋት ሳሎን ውስጥ ቆሙ። መስኮቱ በወፍራም ቀይ መጋረጃ ተሸፍኗል። ኑሰይባ ፊታቸው ተንበረከከች። ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ዱዓ ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው "አሚን" ይላል። መርዳሳ ተጠግቶ ሰባት ጊዜ አነሳ። በመሃል ስክሪኑ ላይ አንዷን አጉልቶ ሲያያት የሐጂ ዓይን አልጠራም። ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ላይ ያለው ጥልፍ ግን ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ትንሿ ሌንስ ቦርሳው ውስጥ ነበረች። ፎቶዋ ይጨልማል እንጂ ፎከሷ አይስትም። አውጥቶ ለመቀየር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም ነበር። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች በር ላይ ቆመው እያዩት ነው። ያቺን የፕላስቲክ ሌንስ በእነሱ ፊት ማውጣት ከበደው። "አንዷ ብትበላሽ ሌላዋ ትወጣለች" አለ ለራሱ፣ እና በዚያው ቀጠለ። ዱዓው አለቀ። ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

ሰባቱም ተበላሽተው ነበር። ከሩቅ የተነሱት፣ የቡድንና የግቢ ፎቶዎች ደህና ስለወጡ አልበሙን በእነሱ ሞላው። የምርቃቱን ፎቶ አላስገባም። ማንም አልጠየቀም። ሰኞ ዕለት ጋዜጣውን እንደገና ዘርግቶ ካሜራውን አስተካከለ። እውነትም አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ሌንሱ አንድ ቀን አሳፍሮት አያውቅም።

ሐጂ ዓብዱ ከሰርጉ በኋላ በሰባተኛው ወር አረፉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ኑሰይባ ወደ አዳማ መጣች።

"ጋሼ መርዳሳ፣ አባዬ ዱዓ ሲያደርግልኝ ያነሳኸውን ፈልጌ ነው። በትልቁ አሳትሜ እናቴ ቤት ልሰቅለው" አለች።

ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ከማሳየት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ኑሰይባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች።

"ምነው እንዲህ ሆነ?"

መርዳሳ በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያች ሰዓት እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። ሌንሱ አዲስ ነበር፣ ሳልፈትሸው መጣሁ ማለት ብቻ ነው። አፉ ግን ሌላ ተናገረ።

"አባትሽ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው። ቤቱ ጨለማ ሲሆን የሚንቀሳቀስ ሰው አይያዝም።"

"እኔስ? እኔም እኮ አልጠራሁም።"

"እጃቸው አንቺ ላይ ስለነበረ ነው፤ አብሮ አንቀሳቅሶሻል።"

ኑሰይባ ከቡድኑ ፎቶዎች አንዱን አሳተመች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ "የዚያን ቀን ጠዋት ኪኒኑን አልወሰደም ማለት ነው" አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ። ሄደች።

መርዳሳ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያኔ አላጤናትም። የገባው የዋሸበት ሰው የሞተ መሆኑ ነው። ሚስቱ ሃዊ ምሳ ላይ ምን ሆነህ ነው ስትለው ራስ ምታት አለ። ከዚያ በኋላ ባነሳው ጥሩ ፎቶ ሁሉ፣ ደንበኛ "እንዴት ያምራል!" ባለ ቁጥር፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይጫነዋል። ሽማግሌ ሲመርቅ ማንሳት ፈራ። ዱዓም ሆነ ጸሎት ሲጀመር ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግሞ ያነሳል፤ ሰው እስኪታዘበው።

በዚህ መሃል፣ የሚገርመው፣ ስለ ሌንስ የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ከመቂም ከአሰላም ይደውሉለታል። ባለፈው ዓመት አያንቱ የምትባል ከአቦምሳ የመጣች ልጅ ስቱዲዮው ድረስ ፈልጋው መጣች። የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው።

"ጋሼ፣ የካሜራውን የራሱን ልጠብቅ ወይስ የሌላ ፋብሪካ ልግዛ?" አለችው።

"ግዢ፤ አትጠብቂ" አላት። "ግን የሚሸጥልሽ ሰው ካሜራሽን ይዘሽ እንድትሞክሪው ይፍቀድልሽ። የሌንሱ ቀለበት ሲዞር ለስለስ ይበል። መስታወቱን ወደ ብርሃን አድርገሽ ሻጋታ እንዳለው እዪ። ቤትሽ ወስደሽ ደግሞ ፎከሱን ፈትሺ፤ በቅርብም በሩቅም። ሳትፈትሺ ሰው ፊት እንዳትቆሚ።"

አያንቱ ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አንተ ሳትፈትሽ ወጥተህ ታውቃለህ?" አለችው።

ቀልድ ነበር። መርዳሳ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገረ። ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ቀይ መጋረጃው፣ በር ላይ ስለነበሩት ወጣቶች። ኑሰይባን እንዴት እንደዋሻትም ነገራት። አያንቱ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ሰዎቹ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"እሺ" አለች፣ ዓይኗን ከእሱ አንስታ። አመስግናው ወጣች። ያ ምንም ያላለችበት "እሺ" ከስድብ በላይ ከበደው።

በሳምንቱ ማክሰኞ ስቱዲዮውን ዘግቶ ባቱ ወረደ። ኑሰይባ ነጭ ጋውን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ለአንዲት ሴትዮ ሽሮፕ እያስረዳች ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀ።

"ጋሼ መርዳሳ! በሰላም ነው?"

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ያ ፎቶ የተበላሸው በአባትሽ እጅ አይደለም። በእኔ ነው። ሌንሱን ሳልፈትሽ ነው ይዤ የመጣሁት። እያነሳሁም እንደተበላሸ አይቻለሁ። የሚሠራ ሌንስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ አልቀየርኩም። አንቺ ስትጠይቂኝ ደግሞ ዋሸሁሽ።"

ኑሰይባ ባንኮኒው ላይ ያለውን የኪኒን ፓኬት እያስተካከለች ቆየች። የተስተካከለውን እንደገና ታስተካክላለች።

"አባዬ ረግቶ ነበር?"

"ረግተው ነበር። ፎቶው ላይ መጋረጃው ጥርት ብሎ ይታያል። ሰው ቢንቀሳቀስ ምስሉ ይጎተታል፤ እሳቸው የደበዘዙት ግን ሌንሱ ከኋላቸው መጋረጃው ላይ ስላረፈ ነው። እኔ ይሄን ያኔም አውቃለሁ።"

"ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?" አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። "እኔ እናቴን ነው የከሰስኳት። በሰርጌ ቀን ኪኒኑን ዘነጋሽ፣ እንግዳ ሲመጣ አባቴን ረሳሽው አልኳት። ሰጥቼዋለሁ ብላ በአላህ ማለችልኝ። አላመንኳትም። ባለሙያ ነኛ! ፎቶው ላይ አይቻለሁ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ቤቴ መጥታ አታውቅም። ልጅ ስወልድ እንኳ አክስቴን ነው የላከችው።"

መርዳሳ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የበደለው አንድ የሞተ ሰውና አንዲት ሙሽራ ብቻ ይመስለው ነበር።

"ይቅር በይኝ" አለ።

"ለእኔ አይደለም። ዓርብ እሄዳለሁ። አብረኸኝ ትሄድና ለእሷ ትነግራታለህ።"

ዓርብ ከባቱ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ፤ እሷ ልጇን ታቅፋ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። በቡልቡላ በኩል አልፈው አርሲ ነገሌ ደረሱ።

አዴ ዙህራ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ተነሱ፤ መርዳሳን ሲያዩ ግራ ተጋቡ። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣቸው፣ ከዚያም በቆመበት የመጣበትን ነገራቸው። አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ አንዳንዱን በአማርኛ፤ ቃላቱ እየተምታቱበት። የተበላሸውን የምርቃት ፎቶም አሳትሞ ይዞት ነበርና ሰጣቸው።

አሮጊቷ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። እሱን አላዩትም። ቀና ያሉት ወደ ልጃቸው ነው።

"በሁለት ሰዓት ሰጥቼዋለሁ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል፣ እማ።"

"በወተት ነው የሰጠሁት። አልጋው ላይ ተቀምጦ። ዛሬ እንዳልንቀጠቀጥ ብሎ ራሱ ነው የጠየቀኝ።"

ኑሰይባ ልጇን እንደታቀፈች እናቷ እግር ሥር ተቀመጠችና አለቀሰች። አዴ ዙህራ ጭንቅላቷን አልነኩም፤ አልገፏትምም። ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰዱና ፊቱን ገልጠው አዩት። ሲያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

መርዳሳ ሊሄድ ዘወር ሲል አዴ ዙህራ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩት።

"ተቀመጥ። ሻይ ሳትጠጣ ከቤቴ አትወጣም።" ተቀመጠ። ሻዩን ራሳቸው አመጡለት። እያስቀመጡ፣ "አፉ ብያለሁ። ለአላህ ብዬ ነው" አሉ። "ይሄ ልጅ ሲወለድ ግን አላየሁትም። እሱን ከየት ታመጣልኛለህ?"

መርዳሳ ሻዩን ጨርሶ ብቻውን ወደ አዳማ ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ለሃዊ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ሃዊ ተቆጣች፤ ስለ ሌንሱ ሳይሆን ራስ ምታት እያለ ስላከረመባት። አሁን ከእሱ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል፦ ፎቶ ከተበላሸበት በዚያው ዕለት ለባለቤቶቹ ይናገራል። በዚህ የተነሳ ያጣቸው ደንበኞች አሉ።

ኑሰይባ ከዚያ ወዲህ አልደወለችለትም፤ እሱም ትደውላለች ብሎ አይጠብቅም። ከረመዳን በኋላ ግን ባሏ ለሥራ አዳማ መጥቶ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ስቱዲዮው ጎራ አለ። ፎቶው እስኪታተም ቆሞ ስለ ንግዱና ስለ ሙቀቱ አወራ። በመጨረሻ እንደ ተራ ወሬ፣ "አማቴ እኛ ጋ ናቸው፤ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ልጁን ከእጃቸው የሚያስጥላቸው ጠፋ" አለ።

መርዳሳ "እሰይ" አለ። ሌላ ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ ግን የታተመውን ፎቶ በመቀስ መቁረጥ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን አጣሞ ስለቆረጠው ለባልየው አሳይቶ እንደገና አተመው።