ሐይቅ ዳር የበላነው ስቴክ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጥዬሽ ስለወጣሁ ተቀይመሽኛል፤ አውቃለሁ። አዲሱ ምግብ ቤት ገብተን ገና ወንበር ስበን ሳንቀመጥ፣ አንዷ አስተናጋጅ የጋለ ብረት ላይ የሚንጫጫ ስጋ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። የጥብስ ቅጠሉና የቁንዶ በርበሬው ሽታ ፊቴን ሲመታኝ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እብስ አልኩ። "ምን ሆንሽ?" ስትይኝ "አሞኛል" አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ምንም አላመመኝም፤ ቆሽቴ ነው ያረረው። ስቴክ የሚባል ነገር ባየሁ ቁጥር እንደዚሁ ያርራል፣ ይኸው ስንት ዓመቱ።

አስረኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ለመስቀል መጣ፤ ከሄደ ጀምሮ የመጀመሪያ መምጣቱ ነበር። አንቺም የሆሳዕና ልጅ ነሽ፣ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ለመስቀል ሲመጣ ቤቱ ምን እንደሚሆን አልነግርሽም። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከሰዓት ጎረቤት፣ አመሻሽ ላይ ከጊምቢቹ የመጡ የአባዬ ዘመዶች። ግማሹ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው፣ ግማሹ "የኔንም ልጅ ውሰድልኝ" ሊለው። አባዬ ቡናማ ኮቱን ለብሶ መሃል ላይ ይቀመጥና "ይኸውላችሁ ልጄ" ይላል፤ ሰው ሁሉ ቀድሞ ያየውን ልጅ እንደ አዲስ ያሳያል። ወንድሜ ፈገግ ይላል፣ እጅ ይጨብጣል። ሰው ቀለል ሲል ጓሮ ይወጣና እንሰቱ መሃል ብቻውን ይቆማል።

አንድ ቀን ታዲያ "ቅዳሜ ሐዋሳ ምሳ እጋብዛችኋለሁ" አለ። "እኛ አራታችን ብቻ። ሌላ ሰው እንዳትጠሩ።"

"አጎትህ ቢሰማ ቅር አይለውም?" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ በናትሽ!"

እሱ ሐዋሳ ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ ሐይቁ ዳር አንድ የድሮ ስቴክ ቤት ነበር። ተማሪ ገብቶ የሚበላበት አይደለም፤ ዋጋውን ሰምቶ መሳቅ ነው። በዚያ ሲያልፍ በመስኮቱ ነጭ ጨርቅ የለበሱትን ጠረጴዛዎች ያይና "አንድ ቀን አባዬን እዚህ አስቀምጠዋለሁ" ይል ነበር አሉ። አባዬ ግን ከመነሻው አልተዋጠለትም። "ከሆሳዕና ተነስተን ስጋ ፍለጋ ሐይቅ ዳር? ሐይቅ ዳር የሚበላው ዓሳ ነው" አለ። ብቻ ለልጁ ብሎ ኮቱን አስተኮሰ።

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን በጠዋት ወጣን። አንጋጫን ስናልፍ ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበር። ዳምቦያ ላይ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው መንገዱን ሞልቶት ሾፌሩ ጡሩንባውን ያንጫርረዋል፤ አደይ አበባው ግራና ቀኝ ቢጫ ነው። እማዬ እቅፏ ላይ ዘንቢል ይዛለች። "ምንድን ነው?" ስላት "ዝም በይ" አለችኝ። የክፉ ቀን ሻንጣ ይመስል እስከ ሐዋሳ ድረስ ከእጇ አላወጣችውም።

ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። አባዬና እማዬ ዛፍ ጥላ ስር ሆነው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሳ አንጀት ሲሻሙ እያዩ ይስቃሉ። ወንድሜ እጄን ይዞ ወደ ውሃው ወሰደኝ። ውሃው ደለልና ዓሳ ዓሳ ይሸታል፤ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል።

"ሚጢ፣ እኔ አልመለስም" አለኝ።

"የት?"

"እዚያ። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ላይ፣ ዘራፊ ፈርቼ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፌ ነው የምሸጠው። ዳቦውንም ስኳሩንም በቀዳዳ ነው የማቀብለው። የአንድ ሰው ሙሉ ፊት ሳላይ ቀኑ ይመሻል። እዚሁ ልኑር፤ የፈለገው ይምጣ። ግን አባዬ እሺ ሳይለኝ አይሆንልኝም። ዛሬ ምግብ ላይ እነግረዋለሁ። አንቺ እማዬን በወሬ ያዥልኝ፣ እሺ?"

እሺ አልኩት። ደስታዬን የት ላድርሰው! እሱ ከሄደ ወዲህ ቤታችን ጠባቂ ቤት ሆኖ ነበር፤ ስልክ ጠባቂ። ሊቀር ነው፣ ከእንግዲህ እራት ላይ አብሮን ሊቀመጥ ነው እያልኩ ዘለልኩ። እሱ ግን አፉ ደርቆ ከንፈሩን ይልሳል።

ገባን። የእንጨት ግድግዳ፣ የአጋዘን ጭንቅላት፣ ቀይ ከባድ መጋረጃ፣ ጣሪያው ላይ እያቃሰተ የሚዞር ማራገቢያ። ወለሉ ሰም ሰም ይሸታል። ከሹካና ቢላ በቀር ድምፅ የለም፤ ሰዎቹ እንኳን የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። እማዬ ጫማዋን በሩ ላይ ልታወልቅ ስትል እጇን ያዝኳት። አንገቱ ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ክራቫት ያሰረ ሸበቶ አስተናጋጅ መጣ።

"እንዴት ይሁንልዎ አባት?" አለው አባዬን።

"ምኑ?"

"ስጋው። ሚዲየም ወይስ በደንብ ይብሰል?"

"ለሁላችንም ሚዲየም" አለ ወንድሜ ከአፉ ነጥቆ። ቸኩሏል። አስተናጋጁ ዞር ሲልለት ናፕኪኑን አጣጥፎ፣ መልሶ ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር…" አለ።

ናፕኪኑን እንደገና አጣጠፈ። ምን ይጠብቃል? ቀጥል እንጂ! እግሩን በጠረጴዛው ስር ረገጥኩት። "አባዬ፣ እኔ…" ሲል ምግቡ ከተፍ። አራት የጋለ ብረት፣ ቅቤው ላዩ ላይ ሲንጫጫ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን።

"ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንጸልይ" አለ አባዬ፤ ቆሞ ኮቱን ቆለፈ።

የአባዬን ጸሎት አታውቂውም። በአማርኛ ጀመረ፣ ሲሞቀው ወደ ሀዲይኛ ገባ፣ ቀና ብሎ የሚያየን ፈረንጅ ሁሉ ጉዳዩ አልነበረም። ስለ ሐይቁ አመሰገነ፣ ስለ ሾፌሩ አመሰገነ። ከዚያ እጁን ወንድሜ ራስ ላይ ጫነና "ይህን ልጅ በሰው አገር ያቆምከው አንተ ነህ፤ አሁንም ሲመለስ መንገዱን አንተ ቅደም፣ በሩን አንተ ክፈትለት፣ እዚያው አስፋው፣ እዚያው አብዛው" አለ። እማዬ "አሜን" አለች፤ ወንድሜም አንገቱን እንደደፋ "አሜን" አለ። ዓይኔን ገልጬ ሳየው ጆሮው ቀልቷል። ብረቱ ላይ ያለው ስጋ መንጫጫቱን አቁሟል፤ ቅቤው ረግቷል።

ቁጭ ብለን ስንቆርጠው ውስጡ ደም። አባዬ ቢላውን አስቀመጠ። "ይሄ ምንድን ነው? ጥሬ ብፈልግ ጥሬ አዝዛለሁ፤ ጥብስ ካልክ ጥበሰው። ይሄ ከሁለቱም የለበትም" አለ። ስጋው ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። ጠበቅን። ሲመጣ የጫማ ሶል ሆኖ መጣ። አባዬ ዳጣ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለም። እማዬ ጊዜዋ ደረሰ፤ ዘንቢሏን ከፍታ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አወጣች። "ስጋ ያለ ቆጮ እንዴት ይወርዳል?" አለች በኩራት። ሸበቶው አስተናጋጅ ተንደርድሮ መጣ።

"እናቴ ይቅርታ፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው።"

"ምግብ አይደለም እኮ፣ ቆጮ ነው" አለች እማዬ።

ወንድሜ ተነሳ። የሆዱን ለአባቱ ሊናገር የመጣው ልጅ ከአስተናጋጁ ጋር ይሟገት ጀመር፤ ሲናደድ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ፣ ስለ አንድ ቆጮ! ጠረጴዛውን ገልብጬ ብወጣ ደስ ባለኝ። አባዬ ግን እሱ በማያውቀው ቋንቋ ልጁ ሲናገር ቀና ብሎ ያየዋል።

ክርክሩ አልቆ ቆጮው ወደ ዘንቢሉ ሲመለስ፣ አባዬ የአራታችንንም ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። በሰፈራችን የመስቀል በሬ ቅርጫ ሲሆን መደቡን የሚያካፍለው እሱ ነው፤ ማንም ከሌላው አንሶ እንዳይሄድ ከእያንዳንዱ ብልት ለሁሉም ያደርሳል። እዚያም ያንኑ አደረገ። ስጋዎቹን አንድ ላይ አድርጎ፣ ደረቁን ከለስላሳው፣ ስቡን ከቀዩ እየቆራረጠ በአራት መደበ። የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ይስቃሉ። "አባዬ፣ ለያንዳንዳችን ሙሉ ሙሉ ነው ያዘዝኩት! ዛሬ እንኳን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቢበላ ምናለ?" አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ሊያለቅስ ደርሷል። አባዬ ከመሃል አንድ ለስላሳ ቁራጭ መርጦ የሱ ሳህን ላይ ጨመረለት።

"ይቺን አንተ ብላ። መንገደኛ ነህ።"

ወንድሜ ቁራጯን አፉ ውስጥ ከተታት። አኘካት፣ አኘካት። "አባዬ" የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ስንመለስ ሻሸመኔ ላይ አባዬ "ሆዴ ግን ምንም አልገባበትም" ብሎ ሚኒባሱን አስቆመ፤ ልኳንዳ ቤት ገባን፤ እነሱ ጥሬውን በቆጮ፣ በዳጣ እየጠቀለሉ እስኪጠግቡ በሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ወንድሜም ሳቀ። እኔ አንጀቴ እርር ብሎ መብላት አቃተኝ።

የሄደ ቀን መናኸሪያ ላይ "ለምን አልነገርከውም?" አልኩት። "እንዴት እንደጸለየ ሰምተሻል አይደል?" አለኝ፤ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ይኸው እዚያው አለ። አገባ፣ ወለደ። ፍርግርጉ ውስጥ አሁን ሚስቱም አለች።

አባዬ አሁን እኔ ጋ እንደሚኖር ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ድንገት "ያ ልጅ ሐዋሳ የወሰደን ቀን ምን ሊለኝ ነበር?" አለኝ። ክው አልኩ። "አንድ ነገር ብሎ ጀምሮ ነበር እኮ" አለ። ነገርኩት። ምን ልደብቀው?

"እኔ እኮ ያን ቤት ሳይ፣ ቢላውን አያያዙን ሳይ፣ ፈረንጅኛውን ስሰማ፣ የኛ ቤት ጠቦታል አልኩ" አለ። "የለመደውን ኑሮ ለአባቱ ሊያሳይ ነው ያመጣን አልኩ። እንዳላስቀረው፣ እንዳልከብደው ብዬ መንገዱን መረቅኩለት። እንጂ እኔማ ከመጣ ጀምሮ 'እቀራለሁ' ቢለኝ ብዬ አፍ አፉን ሳየው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅከውም!" ጮህኩበት፤ በአባቴ ላይ ጮህኩ።

"እሱስ ለምን አልነገረኝም?"

"ልደውልለት? አሁኑኑ ልንገረው?"

"ተይው" አለ። "ልጆቹ እዚያ ትምህርት ቤት ገብተዋል። አሁን ቢያውቅ ምን ይፈይድለታል፣ ከመብሰልሰል በቀር?"

እሁድ ወንድሜ ደወለ። ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁትና አጠገቡ ቆምኩ። ምናልባት ይነግረው ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። "ዝናቡ ጣለ ወይ?" ይላል ያኛው፤ "ጥሏል" ይላል ይሄኛው። "ልጆቹ ደህና ናቸው?" "ደህና ናቸው።" "በላችሁ?" "በላን፤ እናንተስ?" "እኛም በላን።" ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው ስልኩን ያዙ፤ የአንዱን ትንፋሽ አንዱ እየሰማ፣ ሂሳቡ እስኪያልቅ። ሁለቱንም ጭንቅላታቸውን ይዤ ባጋጫቸው እንዴት ደስ ባለኝ!

አባዬ ስልኩን አቀበለኝ። "ደህና ነን አለ" አለኝ፣ አጠገቡ ቆሜ ያልሰማሁ ይመስል።