የሸዋርካብሽ ተራ

ስልኬ ጠራ፣ የቢሮ ቁጥር ነው፣ አጠፋሁት። ከሸማ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ በሩጫ ነው የመጣሁት፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ካልኩ በኋላ እንኳን ልቤ መሮጡን አልተወም። ይኸው ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እየጻፍኩ ነው። ዛሬ የሆነውን ነገ ሰው ሌላ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፣ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ሸማ ተራ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ላይ ነው። ቁልፍ መጫን፣ በር መያዝ፣ በቃ። የምጽፈው ግን ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ እትዬ ሸዋርካብሽ ነው።

ሸዋርካብሽ ነጠላ ቋጪ ናት። ነጠላ ከሸማኔ ሲመጣ ጫፉ ላይ ክሩ ተንጠልጥሎ ነው፣ እሱን እየገመደች የምትቋጨው እሷ ናት። የመንዝ ልጅ ናት። በልጅነቷ ታማ እግሯ ሽባ ሆኖ ስለቀረ በዊልቸር ነው የምትሄደው። አንቱ ስላት «አረጀሁ እንዴ» አለችኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት። ድሮ ተራው ቆርቆሮ እያለ መንገድ ዳር ነበር የምትሠራው። ዊልቸሯን እንደ ፈለገች እያዞረች ከዚህኛው ሱቅ ነጠላ ትቀበላለች፣ ለዚያኛው ታስረክባለች። ተራው ፈርሶ ሕንፃ ሲሆን ነጋዴው ወደ ላይ ወጣ፣ ሥራውም አብሮ ወጣ። እሷም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጥግ ተሰጣት።

መግቢያው ላይ ራምፕ አለ። ለጋሪ ተብሎ ነው የተሠራው፣ እሷም በጋሪው ምክንያት ትገባለች። ከዚያ በኋላ ደረጃ ነው። የሰው ሊፍት የሚባለው ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው፣ በቆርቆሮ ተዘግቷል። የሚሠራው የዕቃው ሊፍት ነው፣ በሩ ላይ «ለዕቃ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሕንፃው አስተዳዳሪ ጋሼ አስናቀው ወረቀቱን ይልጡና ይኸው ለአካል ጉዳተኛ ሊፍት አለን ይላሉ። ሰውየው ሲሄድ ወረቀቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ሸዋርካብሽ የምትወጣው በተሸካሚ ጀርባ ነበር። ዊልቸሯ ታች ይቀራል። ላይ አንዴ ካስቀመጧት እስኪያወርዷት ድረስ ንቅንቅ የለም። ውሃ አትጠጣም፣ ሽንት ቤት የሚወስዳት የለማ። አንድ ቀን ከንፈሯ ደርቆ አይቼ ውሃ ላምጣልሽ ስላት «ውሃውን አንቺ ታመጪዋለሽ፣ እኔን ማን ይወስደኛል?» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «በሰው ጀርባ የሚኖር ሰው ሲመርቅ ነው የሚውለው። የኔ ምርቃት አልቋል» አለችኝ።

ዛሬ የበዓል ገበያ ነው፣ እግር መጣያ የለም። ተሸካሚው ሁሉ ወገቡ ጎብጦ፣ ማን እሷን ይሸከም። ከጠዋት ጀምሮ ታች ቁጭ ብላ ቀረች። ላይ ለበዓል የታዘዙ ነጠላዎች ይጠብቋታል። ዛሬ ካላስረከበች ጥጉን ለሌላ ቋጪ እንደሚሰጡት ነጋዴዎቹ ነግረዋታል።

መጨረሻ ላይ ከተጣለ ካርቶን አንዱን ጎን ገነጠለች። የብርጭቆ ሥዕልና ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት የታተመበት ነው። ከእኔ ማርከር ተቀብላ «ሸዋርካብሽ፣ 3ኛ ፎቅ» ብላ ጻፈችበት። በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችውና ሄዳ የዕቃው ሰልፍ ውስጥ ገባች።

እኛ ጋ የሚሰለፈው ዕቃው ነው። ተሸካሚው ጣቃውን ወይ ጆንያውን መስመር ላይ አስቀምጦ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል፣ ዕቃው ተራ ይጠብቅለታል። መስመር የገባ ዕቃ የነካ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጉዱ ፈላ። ይሄን ሕግ የጻፈው የለም። የሚያስከብረው ግን የተሸካሚዎቹ አለቃ ማሙሸት ነው።

ሲያዩዋት ሳቁ። አንዱ ስንት ኪሎ ነሽ አላት።

«ከነምላሴ ነው ያለ ምላሴ?»

ከነምላስሽ ከሆነ ሊፍቱ ይበጠሳል አላት፣ እሷም ሳቀች። ከቦታዋ ግን አልወጣችም። ሰልፉ ሲጠጋ ጎማዋን ገፋ እያደረገች ትጠጋለች፣ ከፊቷ የጋቢ እስር፣ ከኋላዋ የክር ጆንያ።

ልክ ተራዋ ሲደርስ ጋሼ አስናቀው መጡ። የወዳጃቸው ጣቃ ቀድሞ እንዲወጣላቸው ፈልገዋል። ካርቶኑን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ ቀልዱ ይብቃ፣ ዞር በይ አሏት። እሷ ጎማዋን ጨምድዳ ያዘች። ከዚህ በፊት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች የሚያዘውን አዋጅ ጠቅሳ ስንቴ ተከራክራቸዋለች፣ ዛሬ ስለ አዋጅ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዊልቸሯን ሊገፉ እጃቸውን ሲሰዱ ማሙሸት ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ ተራዋ ነው።»

«ይቺ ዕቃ ናት እንዴ ማሙሸት?»

«ዕቃ ከሆነች ተራዋ ነው። ሰው ናት ካሉም ለተቆጣጣሪው ያሉትን ለእኛም ይድገሙልን።»

ይሄን ብሎ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ዕቃቸው ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። ከላይ ነጋዴዎቹ በደረጃው እያጎነበሱ ዕቃችን የት ደረሰ ይላሉ፣ ከዕቃው ላይ የሚነሳ የለም።

ጋሼ አስናቀው ወደ እኔ ዞሩ። ጣቃውን አስገቢና ዝጊው አሉኝ። ከጎጃም ስመጣ ይሄን ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ሸዋርካብሽ ቀና ብላ አየችኝ። በሩን እንዳይዘጋ በጀርባዬ ደገፍኩት።

«ግቢ፣ እትዬ» አልኳት። ገባች።

«ነገ ጠዋት ቢሮ» አሉኝ ጋሼ። ሦስትን ተጫንኩ።

ላይ ስንደርስ በገዛ እጇ ጎማዋን ገፍታ ወጣች። ወደ ጥጓ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ኮሪደሩን ይዛ እስከ መጨረሻው ነዳችው። እስከ ዛሬ ከጥጓ ወዲያ አይታ አታውቅም። ድምፃቸውን ብቻ የምታውቃቸውን ሰዎች ፊታቸውን ዛሬ አየች። ጥለት የምትሸጠውን ራህማን ስታይ «ያቺ ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው አንቺ ነሽ ለካ፣ እኔ ወፍራም መስለሽኝ ነበር» አለቻት። ጫፍ ላይ መስኮት አለ፣ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ይታያል። እዚያ ዊልቸሯን አቁማ ብዙ አየች። ከዚያ ውሃ ጠየቀች። ራህማ በጆግ አመጣችላት፣ ጭልጥ አደረገችው። ቀጥላ ሽንት ቤቱ ጋ ስትሄድ በሩ ለዊልቸሩ ጠበበ፣ ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት። ስትወጣ የበሩን ስፋት በክር ለካችና ክሩን ቋጠረችው። «ቀጥሎ ይሄ ነው» አለች።

ነጠላዎቹን ቋጭታ አስረከበች፣ ጥጉም በእጇ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ምርኩዝ የያዙ አባት መጡና ከጆንያዎቹ መሀል ቆሙ፣ እርጉዝ ነጋዴም መጣች። ማሙሸት ተራችሁን ጠብቁ ከማለት ሌላ ምንም አላለም። ሸዋርካብሽ ስትወርድ የሊፍቱ በር ላይ ካለው ወረቀት «ብቻ» የሚለውን ሰረዘችና «እና ለሰው» ብላ ጨመረችበት። ካርቶኑን ከአንገቷ አውልቃ ማሙሸት ላይ አጠለቀችለት፣ ሴቱ ሁሉ ከታች እስከ ላይ እልልታውን ተቀባበለው። እንደዚያ ያለ እልልታ ሠርግ ላይም አልሰማሁም።

ነገ ጠዋት ቢሮ እገባለሁ። ሥራዬ ይኑር አይኑር፣ ያ ወረቀት ይቆይ ይልጡት፣ እኔ ከሌለሁ በሩን ማን እንደሚይዝላት፣ አላውቅም።