የተቆረጠ አይመለስም

አራሚዋ ልብ ወለዷን ማረም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ቀን ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰው ስሕተት ትለቅማለች። የራሷን የምትለቅመው ማለዳ፣ ልጆቿ ሳይነሱ፣ ወጥ ቤት ቆማ ነው። ከተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላታል፤ ስለዚህ ወረቀቷን አጭሩ ማቀዝቀዣ ላይ ዘርግታ ትቆማለች። ብትታመምም ብትከፋም አንድ ገጽ ሳታርም ከቤት አትወጣም። ባሏ «ይኼ መጽሐፍ ሳያልቅ ልጆቻችንን እንድራለን» እያለ ያሾፍባታል።

መቀስ የሥራ ባልደረባዋ ነው። እሱም ያርማል፣ እሱም ይጽፋል፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት የሰው ጽሑፍ ሲቆርጥ እጁ ስለማይራራ ነው። ሁለቱ በየሳምንቱ በምሳ ሰዓት ገጽ ይለዋወጣሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፦ የተቆረጠውን ወረቀት አንባቢው ይወስደዋል፤ ጸሐፊው ግልባጭ አያስቀርም። ሕጉን ያወጣው መቀስ ነው። «ጸሐፊ አንጀቱ አይችልም፤ የጣለውን ተመልሶ ያነሳል» ይላል። እሷም አመነችው። ልጆቿ እንኳ የሚጠሩት አጎቴ እያሉ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን መቀስ ስለ እናቷ የጻፈችውን ምዕራፍ አውጪው አላት። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ ስትጠግን የኖረች ሴት ነበረች። ዐይኗ ደክሞ ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ ሲላት «ዐይኔስ ደህና ነው፤ የዘንድሮ ክር ነው የወፈረው» ትል ነበር።

«እህቴ፣ ታሪኩን ይጎትተዋል» አላት መቀስ። «እናትሽ ስለሆኑ ነው የሳሳሽው እንጂ ለአንባቢ አይሆንም።»

አልቅሳ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ አልንቀሳቀስ አላት። ምዕራፉን እንደገና ልትጽፈው ብትሞክርም እንደ መጀመሪያው አልመጣላትም። ጥፋቱን በራሷ ላይ ጫነች፤ ድሮም ችሎታ የለኝም አለች።

መቀስ ፈቃድ በወጣበት ሳምንት አለቃቸው አንድ ረቂቅ ይዞላት መጣ። የተመደበለት አራሚ ታሞ ቀርቶ ነው።

«የጓደኛሽ ልብ ወለድ ነው። ቶሎ በይ፣ ሊታተም ነው» አላት።

ደስ አላት። ሊያስደንቀኝ ብሎ ነው የደበቀኝ ብላ ፈገግ እያለች ማረም ጀመረች። አጋማሹ ላይ አንዲት አሮጊት መርፌዋን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ «የዘንድሮ ክር ነው የወፈረው» አለች።

መስመሩን ደግማ አነበበችው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ፈረስስ እንስሳ ነው፣ ይኼኛው ግን ልጆቿን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያጫወተ ሰው ነው። ደወለችለት።

«አንተ፣ እናቴ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ጥለሻት ነበር እኮ» አላት። «ሕጋችንን ታውቂዋለሽ።»

«አይረባም አላልከኝም?»

«ባይረባማ ምን ያደርግልኛል?»

ስልኩን ዘጋችው። ወደ አለቃው ልትሄድ ተነሳችና መልሳ ተቀመጠች። ምን ይዛ ትሂድ? ግልባጭ የላት፣ ምስክር የላት። ነገ እናቷን ወደ ራሷ መጽሐፍ ብትመልሳት እንኳ ሌባ የምትባለው እሷው ናት።

ያን ምዕራፍ የተየበው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ፊደሉ ሁሉ ተዘባርቋል። እንዲሁ ልለፈው፣ የወሰደው ሰው ይሳቅበት፣ ይዋረድ ብላ እስክሪብቶዋን ወረወረችው። ገጹን ግን ዐይኗ አልለቀው አለ። በሁለተኛው መስመር ላይ የአሮጊቷ ጣቶች ተሳስተው ተጽፈዋል። በአራተኛው ላይ የእናቷ ሳል ጭራሽ ተዘሏል።

እስክሪብቶውን አነሳች። እሱ ይዋረድ፤ እናቷ ግን እንዲህ ተዝረክርካ ሰው ፊት አትቀርብም። እየረገመችው፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ምዕራፉን አንድ ግድፈት ሳታስቀር አረመችው። ከዚያም ከመቀስ ስም ግርጌ «ይታተም» ብላ ፈረመች።